በጨረር ሕክምና ላይ ለምትገኙ አባሎቻችን

የተከበራችሁ እህቶቻችን፣

ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ወደ መሀል ከተማ ለምትመላለሱ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። የጡት ካንሰር የጨረር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ስለሚዘልቅ፣ ከባለሙያዎቹ ጋር ያላችሁ መግባባት ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ደረቴን ገልጬ፣ ክንዴን ከራሴ በላይ አንሥቼ እንደተኛሁ ባለሙያዎቹ ምንም ሳይነግሩኝ ክፍሉን ለቅቀው ሲወጡ ብቻዬን የተተውኩ መስሎኝ አልቅሻለሁ። የሚወጡት ራሳቸውን ከዕለት ተዕለት ጨረር ለመጠበቅ እንደሆነ፣ በካሜራም እንደሚከታተሉኝ ያስረዳችኝ በማግስቱ የተቀበለችኝ ባለሙያ ናት። በስሜ ጠርታ፣ ከመንካቷ በፊት አስፈቅዳ፣ ነጠላዬንም እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከላዬ ሳታነሣ ስትሠራ ፍርሃቴ ቀለለልኝ። ይህ ለእያንዳንዳችን የሚገባ ክብር እንጂ ውለታ አይደለም።

ስለዚህ ያልገባችሁን ጠይቁ። ቆዳችሁ ሲቆስል ወይም ክንዳችሁን ማንሣት ሲያማችሁ «ሥራ አበዛባቸዋለሁ» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ሳታማክሯቸውም ቅባት አትቀቡ፣ በቆዳችሁ ላይ ያደረጉትን ምልክት አታስለቅቁ። በመንገድ ችግር የምትቀሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉላቸው።

አክባሪያችሁ፣
የቡድኑ አስተባባሪ