ለአዳራሻችን ድምፅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የወሎ ልጆችና ወዳጆች፣

ባለፈው ባዋጣችሁት ገንዘብ ደሴ የሚገኘውን የሠፈራችንን የሙዚቃ አዳራሽ ስናድስ የጣውላውን ወለል አንሥተን ሴራሚክ አነጠፍን፣ የአቡጀዲውን ኮርኒስ በጂፕሰም ተካን፣ አቧራ የጠገቡትንም ወፍራም መጋረጃዎች አውርደን ግድግዳውን በልስን አስዋብነው። አዳራሹ አማረ፤ ድምፁ ግን ተበላሸ። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴው ነው።

በምርቃቱ ዕለት መሲንቆ ተጫዋቹ በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉሩ የአንዱ ስንኝ ቤት መምቻ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚደረብበት፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጥነው እንኳን ሰምና ወርቁ ሊለይ ቃሉም አልተያዘልንም። የመንዙማው ድቤም ከኋላው ግድግዳ እየተመለሰ ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስል ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1895 እ.ኤ.አ. የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን፣ ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዝዞ፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ድምፁ 5.5 ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር፤ ትራሱ በበዛ ቁጥር አጠረ። በእርሱ ቀመር መሠረት ድምፅ የሚመጥጠው ነገር እጥፍ ሲሆን የማስተጋባቱ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። እኛ አቡጀዲና መጋረጃ ስናወርድ የጣልነው ይህንኑ መጣጭ ነበር። ጋቢ የለበሰ ታዳሚ አዳራሹን ሲሞላው ችግሩ ረገብ የሚለውም ሰውና ልብሱ ድምፅ ስለሚመጥጡ ነው።

ስለዚህ አሁን የምንጠይቀው ድጋፍ ለጌጥ አይደለም። እብነ በረድ ሊሰጡን ቃል የገቡትን ወዳጃችንን ከልብ እያመሰገንን፣ እባክዎ በስጦታዎ ፈንታ ስፖንጅ ያለው ወንበር ያድርጉልን እንላለን። ከደጋው የምትመጡም የበግ ፀጉር ባና ብትለግሱን፣ ከኋላው ግድግዳ ስንዝር ያህል አርቀን እንሰቅለዋለን፤ ከጀርባው ክፍተት ሲኖር ይበልጥ ይመጥጣልና። በመድረኩ ግራና ቀኝ ያለውን ግድግዳ ግን አንሸፍነውም፤ መሲንቆ ያለ ማጉያ እስከ ኋላ የሚደርሰው እርሱ ሲያግዘው ነው፤ ሁሉን በጨርቅ ማፈን ሌላ ጥፋት ይሆናል።

ከሚሰበሰበው ገንዘብ አስቀድመን ለባለሙያ ከፍለን፣ ባዶውንም ሰው የሞላበትንም አዳራሽ እናስለካለን። ማንኛውም መዋጮ በደረሰኝ ብቻ የሚቀበለው የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሲሆን፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካው ሰከንድ ከወጪው ዝርዝር ጋር በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።