ለየብሎካችን አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፦ የድጋፍ ጥሪ

የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

እድራችን ድንኳን አለው። ወንበርና ድስት አለው። ሰው ሲሞት ግቢው ወዲያው ይሞላል። ሰው ሲቆስል ግን ፋሻ ፍለጋ በየፎቁ በር እናንኳኳለን። እጃችንን የዘረጋነው ይህንን ለማስተካከል ነው።

በስምንቱም ብሎኮች ግራውንድ ላይ አንድ አንድ ሳጥን እንሰቅላለን። ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ቴርሞሜትር፣ ኦአርኤስና የእጅ ባትሪ ይኖረዋል። መብራት የሚጠፋው በክፉ ሰዓት ነውና ባትሪዋን አትናቁብን። ክዳኑ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የእሳት አደጋ 939 በትልቁ ይጻፋሉ። ለግቢው በሙሉ ደግሞ አንድ ቃሬዛ እንገዛለን። ሊፍት የለንም። ከአራተኛ ፎቅ ሰው በብርድ ልብስ ሲወርድ ያየ፣ ቃሬዛ ለምን አስፈለገ አይልም።

ኪኒን አናስገባም። ማስታገሻ ይኑር ያላችሁ ነበራችሁ፤ ግን የማን ጨጓራ ምን እንደሚስማማው ሳናውቅ ኪኒን ማደል የኮሚቴው ሥራ አይደለም። ሳጥኑም አይቆለፍም። ይሰረቃል ላላችሁ፣ ሰው እየደማ ቁልፍ የያዘውን ከምንፈልግ ፕላስተሩ ቢሰረቅ ይሻላል።

ሳጥን ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም። ዘይት ሲፈናጠርብን ኮልጌት እንቀባለን። ቢላዋ ሲቆርጠን የቡና ዱቄት እንነሰንሳለን። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል እንጂ ቁስሉን ያቆሽሻል፤ ጤና ጣቢያ ስንደርስም መጀመሪያ እሱን ማጠብ የግድ ነው። ለሚደማ ቁስል ንጹህ ጎዝ አድርጎ ጫን ብሎ መያዝ ነው፣ በየደቂቃው ሳይገልጡ። ለቃጠሎ ደግሞ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ያህል። በረዶ አይደረግም። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው ካላችሁ፣ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ቀስ እያሉ ማፍሰስም ይሆናል። ልጅ በረኪና ከጠጣ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የሚጥል በሽታ የተነሳበት ሰው አፍንጫ ላይ ክብሪት መጫርም ይቅርብን። አካባቢው ያለውን የሚጎዳ ነገር ማራቅ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ነው የሚጠቅመው።

ለዚህ ነው ከመዋጮው ከፊሉን ለስልጠና ያሰብነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ይሰጣል። ከየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው መላክ እንፈልጋለን፣ በተለይ ቀን ቤት የሚውል ሰው። እባካችሁ የቤት ሠራተኞቻችሁንም ፍቀዱላቸው። ከልጆቻችን ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ከየቤቱ የምንጠይቀው 300 ብር ነው። ተከራይም አከራይም እኩል ነው። ያልተመቸው የቻለውን ይስጥ፣ ማንም ስሙ አይለጠፍም። ቤታችሁን አከራይታችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ የቃሬዛውን ዋጋ ብትሸፍኑልን ትልቅ ሸክም ታቀሉልናላችሁ። የእድሩ የባንክ ሂሳብና የቴሌብር ቁጥር ጥበቃ ቤቱ ላይ ተለጥፏል። በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዧ ስጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ዕቃ መስጠት የምትፈልጉም አላችሁ። ያልተከፈተ ጎዝ፣ ፋሻና ጓንት በደስታ እንቀበላለን። የተጀመረ ቅባት ግን ይቅር። ደግሞ የማብቂያ ቀኑን እዩልን። ፓኬቱ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2025 የሚል አይታችሁ «ገና ብዙ ዓመት አለው» እንዳትሉ።

መዋጮውን ከገና በፊት መጨረስ እንፈልጋለን። የበዓል ሰሞን ቢላዋ የሚሳልበት፣ ቅቤ የሚነጠርበት፣ ልጆች እግር ሥር የሚርመሰመሱበት ጊዜ ነው። የገባው ገንዘብና የወጣው ወጪ በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከነደረሰኙ ይነበባል።

ኮሚቴው