ነጻው ቪፒኤን ማንን ነው የሚጠብቀው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ቪፒኤን የተባለው መተግበሪያ የኢንተርኔት ተጠቃሚን ገመና እንደሚጠብቅ ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የተባለው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ደሴ ፒያሳ ስልክ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ጽሑፉ የዘለለው ጉዳይ በየቀኑ እጄ ላይ ይወድቃል።

በቅርቡ ከኮምቦልቻ የመጡ አንዲት ነጋዴ፣ ፓኬጃቸው በሁለት ቀን እያለቀ መቸገራቸውን ነግረውኝ ስልካቸውን ሰጡኝ። ከስክሪኑ ጥግ ቪፒኤን መብራቱን የምታሳየው ትንሿ ቁልፍ አለች። ከፍቼ ብመለከት ሦስት ነጻ ቪፒኤን ተጭኗል፤ ሁለቱን የወንድማቸው ልጅ ዜንደር በተባለው የፋይል መላላኪያ የላከላቸው፣ ገደቡን ለማለፍ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በተገደቡ ጊዜ ነው። ገደቡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ቢነሣም እነሱ አልተነሡም። ላጥፋቸው ብል፣ «እንዴ ልጄ፣ ይኼ አይደል እንዴ የሚጠብቀኝ?» አሉኝ።

ቪፒኤን ከስልኩ የሚወጣውን መረጃ አመስጥሮ (ሌላ ሰው እንዳያነበው ለውጦ) ወደ ራሱ ሰርቨር፣ ማለትም ርቆ ወደሚገኝ ኮምፒውተር፣ ይወስድና ከዚያ ወደ ድረ ገጹ ስለሚያሻግረው፣ የሆቴሉ ዋይፋይ ባለቤትም ሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው ከአንድ ሰርቨር ጋር መገናኘታችንን እንጂ የት እንደገባን አያዩም፤ ድረ ገጹም የሚያየው የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ነው። ይሁንና ከእነዚያ የተሰወረው ለቪፒኤኑ ባለቤት ይገለጣል። ኤችቲቲፒኤስ (ከድረ ገጹ ጋር የምንለዋወጠውን የሚያመሰጥር ሥርዓት) ባለበት ገጽ የይለፍ ቃላችንን ባያነብም የምንገባበትን ያውቃል። ፌስቡክ የገዛው ኦናቮ የተባለ ነጻ ቪፒኤን ተጠቃሚዎቹ በየትኞቹ መተግበሪያዎች እንደሚገለገሉ ለኩባንያው ሲያቀብል ቆይቶ፣ የአፕልን ደንብ በመጣሱ በ2018 እ.ኤ.አ. ከአፕል የመተግበሪያ መደብር ወጥቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን የፈተሹ ተመራማሪዎችም 18 በመቶዎቹ ጭራሽ እንደማያመሰጥሩ አረጋግጠዋል። ሰርቨር ማቆም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው ካልከፈለ ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከነጋዴዋ ጋር ቁጭ ብለን የሦስቱንም ባለቤት ፈለግን፤ የድርጅት ስም የተጻፈበት አንድም ስላላገኘን ሁሉንም አጠፋናቸው። በሚቀጥለው እትማችሁ አንባቢ ቪፒኤን ከመጫኑ በፊት የባለቤቱን ማንነት፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚመዘግብና ለማን እንደሚያስተላልፍ እንዴት ማጣራት እንደሚችል ብታብራሩልን እያልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሞባይል ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ