የአማርናው ዓሣ በትንፋሽ አልተነፋም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ብሪቲሽ ሙዚየም የግብፅ ቅርሶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የግብፅ ነገር ሲነሳ ወትሮ የሚወራው ወርቁ ብቻ ነው። እናንተ ግን ለብርጭቆ ቦታ ሰጣችሁ፣ እሰየው! አንድ ነገር ብቻ ይታረም። በዓሣ ቅርጽ የተሠራውን የአማርናውን የብርጭቆ ዕቃ «በትንፋሽ ተነፍቶ የተሠራ» ብላችሁታል።

አልተነፋም። ሊነፋም አይችልም ነበር። ዕቃው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራ ነው። ብርጭቆን በቱቦ መንፋት የተጀመረው ደግሞ ከ1,200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የዚያን ጊዜው ሥራ ጣጣው ብዙ ነበር። መጀመሪያ ከጭቃና ከእበት የዕቃውን ሆድ የሚያህል ቅርጽ ይበጃል፤ በዘንግ ጫፍ ላይም ይሰካል። የቀለጠ ብርጭቆ ይለብሳል። ከዚያ ቢጫና ነጭ የብርጭቆ ክር ይጠመጠምበታል። ክሩ ገና ትኩስ ሳለ በሹል ነገር ወዲያና ወዲህ ይጎተታል። በዓሣው ጎን ላይ ያለው ያ ሞገድ የመሰለ ቅርፊት የወጣው እንዲህ ነው። ቀስ ብሎ ከበረደ በኋላ ጭቃው ከውስጥ ተፍቆ ይወጣል። «ተነፋ» ብለን ስናልፈው ይህ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።

ዕቃው የተገኘው በ1921 (እ.ኤ.አ.) አማርና ውስጥ፣ ከአንድ ቤት ወለል ሥር ነው። አማርና የፈርዖን አኬናተን ዋና ከተማ ነበረች። እንዲህ ያለ ዕቃ የሽቶ ቅባት መያዣ ነበር፤ የድሃ ቤት ዕቃ አልነበረም።

ዓሣውን ደግሞ እኛ የጣና ዳር ሰዎች እናውቀዋለን። ቆሮሶ ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ እዚያው ትሸሽጋቸዋለች። የጥንት ግብፃውያን ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ እያዩ ዓሣዋን ዳግም የመወለድ ምልክት አደረጓት። የዕቃው ቅባት የሚፈስሰውም በዓሣው አፍ በኩል ነው። ባለሙያው ይህን ሳያስብበት የሠራው አይመስለኝም።

በድረ ገጻችሁ ያለው ጽሑፍ ቢስተካከል ደስ ይለኛል። ከፎቶው ሥርም ርዝመቱን ብትጨምሩበት ጥሩ ነው፤ 14.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በፎቶው ግን ክንድ የሚያህል ነው የሚመስለው።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር