የትኛው ዓይኑ ነበር?

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሳቅ በሳቅ ሆኗል።

እማዬ ትናንት በስልክ ሁሉንም ነገረችኝ። አይቆጧት፣ አስለፍልፌያት ነው። አንድ ዓይንዎ ከወጣበት ቀዶ ጥገና ወዲህ ሰው ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ አሉ። ከእሷ ጋር ብቻዎን ሲሆኑ እንኳ ፊትዎን በእጅዎ ሸፍነው ነው የሚቀመጡት። ቀጠሮውንም "የመስታወት ዓይን አድርጌ የሰው መሳቂያ አልሆንም" ብለው ሁለት ጊዜ ሰርዘውታል። በስልክ ብናገር ያቋርጡኛል። ለዚህ ነው የጻፍኩልዎ።

የቴሌቪዥን ድራማውን መርማሪ፣ ኮሎምቦን ያስታውሳሉ? ያንን የተጨማደደ ካፖርት የማያወልቀውን፣ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ "አንዲት ነገር ብቻ" እያለ የሚመለሰውን? አጎቴ የላከልንን ካሴቶች እስኪያረጁ ድረስ አየናቸው። ገዳዩን ገና ፊልሙ ሲጀምር እናውቀዋለን፤ ግን እንዴት እንደሚያዝ ለማየት ንቅንቅ አንልም። እርስዎም "ዓይኑን እዩት! ምንም አያመልጠውም" ይሉን ነበር።

እና የመስታወት የነበረው የትኛው ዓይኑ ነው?

አላወቁም አይደል? እኔም ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው። የቀኙ ነው።

ተዋናዩ ፒተር ፎልክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኒው ዮርክ ተወለደ። በ3 ዓመቱ የዓይን ካንሰር ያዘውና ሐኪሞች ቀኝ ዓይኑን አወጡት። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በሰው ሠራሽ ዓይን ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለ ቤዝቦል ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ዳኛው ያለ አግባብ ከጨዋታ ውጭ ነህ ብሎ ሲፈርድበት ተናደደ። የመስታወት ዓይኑን አወጣና "እንካ፣ ይሄ ይሻልሃል" ብሎ ሰጠው። ይህን ራሱ ነበር የሚያወራው። ትንሽ ቅመም ሳይጨምርበት አይቀርም፣ ተዋናይ አይደል!

ይቺን ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት፤ ሰውዬው እንደ እርስዎ የበጀት ሰው፣ የሙያ ባልደረባዎ ነበር። ጦር ሠራዊቱ በዓይኑ ምክንያት አልቀበልም ስላለው በንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ተማረ። በ1953 ከሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደር ማስተርሱን ያዘና ሃርትፎርድ ከተማ፣ በኮኔቲከት ግዛት በጀት ቢሮ ተቀጠረ። ቀን የበጀት ሥራ፣ ማታ አማተር ቲያትር። ኢቫ ለ ጋሊየን የምትባል ዝነኛ ተዋናይት ለባለሙያዎች ብቻ የምትሰጠው ትምህርት ነበር። እሱ ባለሙያ ነኝ ብሎ ዋሽቶ ገባ። ግን ሁሌ ያረፍዳል። ለምን ብትለው "ከሃርትፎርድ እየነዳሁ ስለምመጣ ነው" አላት። "ሃርትፎርድ ደግሞ ምን ቲያትር አለ?" ብላ አፋጠጠችውና አመነ፤ ተዋናይ አይደለሁም አላት። እሷም መሆን አለብህ አለችው። በ1956 ሥራውን ለቆ ኒው ዮርክ ገባ። ቋሚ ደሞዝ ጥሎ! የእርስዎ ልጅ ቢሆን በሩን ይቆልፉበት ነበር።

ሆሊዉድ መጀመሪያ ላይ ፊት ነሳው። የኮሎምቢያ ስቱዲዮ አለቃ የነበረው ሃሪ ኮን "በዚሁ ዋጋ ሁለት ዓይን ያለው ተዋናይ አገኛለሁ" ብሎ መለሰው ይባላል። እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። እርስዎም የሚፈሩት እንዲህ ያለውን ቃል መሰለኝ። አይናገሩዎትም ብዬ አልዋሽዎትም፤ አፉ የማያርፍ ሰው መቼም አይጠፋም። ፎልክ ግን በ1960 እና በ1961 በወጡ ሁለት ፊልሞቹ በተከታታይ ለኦስካር ታጨ።

ኮሎምቦን ሆኖ መጀመሪያ የታየው በ1968 ነው። ሌቪንሰንና ሊንክ የተባሉት ደራሲዎች ሚናውን አስቀድመው ለዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ አቅርበውለት ነበር። እንኳንም እምቢ አለ! ተከታታዩ ከ1971 እስከ 1978 በኤንቢሲ፣ ከ1989 እስከ 2003 ደግሞ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። በጠቅላላው 69 ክፍል ነው። በዚህ ሚና ብቻ 4 ጊዜ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል። ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንዱን ዳይሬክት ያደረገው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው፤ ያኔ ገና 24 ዓመቱ ነበር።

ካፖርቱ የራሱ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ዝናብ ይዞት ከአንድ ሱቅ በ15 ዶላር የገዛው ነው። "ይቺስ ከእኛዋም ትብሳለች" እያሉ የሚስቁባትን ፔዦ 403 ከስቱዲዮው መኪኖች መሃል የመረጣት እሱ ነው። ኪሱን እየዳበሰ እርሳስ የሚፈልገው ነገርስ? ብዙ ጊዜ ስክሪፕቱ ላይ የለም። ድንገት ይጀምረዋል፣ አብሮት የሚሠራው ተዋናይ የምሩን ግራ ይጋባል። እኛ ያንን የገዳዩን ብስጭት ትወና ነው ብለን ስናደንቅ ኖርን።

ስለ ዓይኑ በድራማው ውስጥ ለዓመታት አንድም ቃል አልተነሣም። በ1997 በወጣው ክፍል ነው ሰው እንዲያግዘው ሲጠራ "ከአንድ ዓይን ሦስት ይሻላል" ያለው። በቃ፣ ይቺው ናት።

መጨረሻውንም አልደብቅዎትም። በስተርጅና የመርሳት ሕመም ይዞት በ2011 በ83 ዓመቱ አረፈ። እስኪደክም ድረስ ግን በከሰል ሥዕል ይሥል ነበር፣ በአንድ ዓይኑ። እርስዎ ሻይ ከስኒው ውጭ አፈሰስኩ ብለው ማንቆርቆሪያውን መወርወርዎን ሰምቻለሁ። ርቀት መለካት ሁለት ዓይን ይፈልጋል፣ እስኪለምዱት ነው። የማንቆርቆሪያውን አፍ የስኒው ጠርዝ ላይ አስነክተው ይቅዱ።

አሁን ወደ ቀጠሮው። ባለሙያው ሰው ሠራሹን ዓይን የሚቀባው ደህናውን ዓይንዎን እያየ ነው። እርስዎ ከሌሉ አይሆንም፤ እማዬ ቀለሙን በስልክ አትነግረውም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ወንድሜ መጥቶ ይወስድዎታል። ጥቁር መነጽር ከፈለጉ ያድርጉ፣ ማንም አይከለክልዎትም።

በወሩ መጨረሻ ስመጣ ፊልሞቹን በፍላሽ ይዣቸው እመጣለሁ። እስከዚያ ግን ቀኙ መሆኑን ለወንድሜ እንዳይነግሩት። ግራው ነው ብሎ ከእኔ ጋር ተወራርዷል።

ልጅዎ