የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በዚህችው ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ማዕከል ቁስል በማጠብና መድኃኒት በማደል በነጻ አገለግላለሁ። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣው ችግር በሌሎችም ቤቶች ሊኖር እንደሚችል ስለማምን፣ ደግሞም እዚያ የሚደክሙትን ሰዎች ማሳዘን ስለማልፈልግ ነው።

ባለፈው ዓመት በቅበላ ሰሞን አንዲት እናት ዐረፉ። በማዕከሉ አራት ዓመት ኖረዋል። አስከሬናቸው ተገንዞ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ለፍትሐቱ “ክርስትና ስማቸው ማን ነው?” ብለው ጠየቁ። እኔ ተንከባካቢዋን አየሁ፤ እሷ አስተባባሪውን አየች፤ እሱ በእጁ የያዘውን ማኅደር ገለበጠ። ማኅደሩ ላይ የገቡበት ቀን፣ የአልጋ ቁጥራቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውና የተረከቡት ብርድ ልብስ ተመዝግቧል። የመጠሪያ ስማቸው ብቻውን ያለ አባት ስም ተጽፏል። ቄሱ ጥቂት ጠብቀው “እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል” አሉና ጸሎቱን ቀጠሉ። ከቀብር ተመልሰን ከጎናቸው ይተኙ ለነበሩት ዓይነ ሥውር እናት ይህንኑ ስነግራቸው፣ “ወለተ ሥላሴ ነበረች እኮ፤ ማን ጠየቀኝ?” አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ መልሱን የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። እኔም በየሳምንቱ ስገባና ስወጣ አልጠየቅሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እርሱ ነው። አረጋዊን ለመጦር መጠለያና እህል ግድ ነው፤ የከተማችን ሕዝብ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያለው፣ በዚህ በኩል እጁ አልታጠፈም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን “ከፍትፍቱ ፊቱ” ሲሉ እህሉ የሚቀርብበት መንገድ ከእህሉ እንደሚበልጥ አውቀው ነው፤ እኔ በምመለከተው ቤት የጎደለውም ይኸው ፊት ነው። ለጉብኝት የሚመጣ ሰው አልጋና ብርድ ልብስ ቆጥሮ፣ የኩንታሉን ብዛት አይቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። አረጋዊው ማን ተብለው እንደሚጠሩ፣ ገላቸውን እንዴት እንደሚታጠቡ፣ ማን እንደሚያጎርሳቸው የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከአጠራሩ ልጀምር። እኛ ጎንደሮች ትልቅ ሰውን “አንቱ” ብለን እየጠራን ነው ያደግነው፤ በልጅነታችን ጎረቤትን “አንተ” ያለ ልጅ እናቱ ከንፈሩን ትቆነጥጠው ነበር። በማዕከሉ ግን ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ አባት “አንተ ሰውዬ፣ ተነሣ” ሲባሉ ሰምቻለሁ። ሌላዋ እናት “ሰባት ቁጥር” ናቸው። ይህን የሚሉት ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ለሥራው ሲቀጠሩ የማንን ልብስ እንደሚያጥቡ እንጂ ማንን እንደሚጦሩ የነገራቸው የለም። ከመካከላቸው ግን አንዲት ልጅ አለች፤ ወደ አልጋው ስትቀርብ መጀመሪያ ዝቅ ብላ ዓይናቸውን ታያለች፤ “እምዬ፣ እጅዎን ልያዝ?” ትላለች፤ መልሱን ጠብቃ ትይዛቸዋለች። እሷ ተረኛ በሆነችበት ቀን፣ ምግብ አልቀምስም የሚሉት እናት ይበላሉ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ወጡም ያው ነው።

ስለ ገላ መታጠብ ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ፤ ሆኖም ካልተጻፈ አይታወቅም። በአንድ ዓርብ ጠዋት ስገባ አራት እናቶች በኮሪደሩ ላይ በላስቲክ ወንበር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሳፋው አንድ ነው፤ ተንከባካቢዋ በጆግ እየቀዳች ተራ በተራ ታፈሳለች። የወንዶቹ ክፍል በር ፊት ለፊት ክፍት ነበር። መጨረሻ ላይ የተቀመጡት እናት ልብሳቸው አስቀድሞ ስለወለቀ ደረታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ነጠላውም ረጥቦ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይንቀጠቀጡ ነበር። ብርዱ ይሁን ኀፍረቱ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባት ከተማ ውኃው በመጣበት ሰዓት ሁሉንም ማጠብ የግድ እንደሚሆን ይገባኛል። ነገር ግን ለዚህ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ፣ አንድ ገመድ፣ በምሽት የሚሞላ በርሜል፣ ውኃ ማሞቂያ ድስት፣ ለሴቶች ሴት፣ ለወንዶች ወንድ አጣቢ በቂ ነው። መጋረጃውን በማግስቱ ሰፍቼ ወሰድሁ። ዛሬ እናቶቹ ተራቸውን ከመጋረጃው ጀርባ ይጠብቃሉ፤ ያቺ ነጠላም ደርቃ ትከሻቸው ላይ ነው የምትውለው።

የሌሊቱ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ካልቀየሩለት፣ ከወገብ በታች፣ በዳሌውና በተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል፤ ቁስሉ መጀመሪያ የቀላ ቆዳ ብቻ ይመስላል፤ ችላ ከተባለ ሥጋውን አልፎ እስከ አጥንት ይዘልቃል። እኔ ማክሰኞ ያጠብሁትን ቁስል ዓርብ ሰፍቶ አገኘዋለሁ፤ ምክንያቱም በሌሊት ለ30 ያህል ሰው ያለችው አንዲት ተንከባካቢ ናት፤ እሷም ቀን ስትሠራ ውላለች። ጉርሻም እንዲሁ ነው። ጉርሻ በእኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ ሆኖም የመዋጥ ችግር ላለበት አረጋዊ፣ በጀርባው እንደተኛ በጥድፊያ የሚሰጥ ጉርሻ ትን ይላል፣ ምግቡም ወደ ሳንባ ገብቶ ሰው ይገድላል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ፣ የመጀመሪያው መዋጡን ሳያዩ ሁለተኛውን አለማቅረብ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አለማስተኛት ያስፈልጋል። አምስት ሰው በአንድ ማንኪያ እያዞረች የምታበላ ልጅ ይህን ብታውቅም ጊዜው የላትም፤ አብዛኞቹ ደግሞ አያውቁም፤ ማንም አላስተማራቸውም።

ለማስተማሩ ጎንደር አቅም አታጣም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ ተማሪዎቹን ከሆስፒታሉ ግቢ አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ቤት በመላክ ነው ስም ያገኘው። የነርስነትና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ዛሬም አሉ። ጽሕፈት ቤታችሁ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ ተማሪዎቹ በየማዕከላቱ በተራ እንዲያገለግሉ፣ ነባር ተንከባካቢዎችም ማገላበጥን፣ ማጉረስን፣ ማጠብንና አነጋገርን የሚማሩበት የሁለት ሳምንት ሥልጠና እንዲያገኙ ቢያደርግ፣ የብዙ ሰው ገላ ከቁስል ይድናል። ከዚሁ ጋር የሌሊት ተረኛ ቁጥር ዝቅተኛ ወሰን ይኑረው፤ ቀን የሠራች ሌሊት አትደገም። የደከመ እጅ ለስላሳ ሊሆን አይችልም።

ስለ ካሜራም አንድ ነገር ልበል። የዓለም አረጋውያን ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ስለሚውል አብዛኛውን ጊዜ ከግሸን ማርያም ጋር ይገጥማል፤ በዚያ ሰሞን፣ ደግሞም በምርቃትና በልደት ቀን፣ ብዙ ደጋግ ሰዎች ምግብ ይዘው ይመጣሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ስልኩ ከምግቡ ቀድሞ ይወጣል። አፋቸው ላይ ምራቅ ያለ፣ ዳይፐራቸው የታየ አባት በማያውቁት ገጽ ላይ ይለጠፋሉ፤ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ያዩአቸዋል። አንድ አባት ካሜራ ባዩ ቁጥር ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ስበው ይሸፈናሉ። ሳያስፈቅዱ ማንሣት እንዲከለከል፣ መልስ መስጠት የማይችሉትን ደግሞ ጭራሽ እንዳይነሡ የሚያዝ ደንብ በየበሩ ይለጠፍ ዘንድ እለምናለሁ። ስጦታው ቢቀንስ እንኳ ይቀንስ።

ጾመኛው የጾም፣ ያልጾመው የፍስክ እንዲቀርብለት፣ የከተማችን የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ የሆኑት እስላም አባታችንም ለውዱ የሚሆን ውኃ በየሰላቱ እንዲያገኙ መጠየቅ የሚገባ አልመሰለኝም ነበር፤ ግን እጠይቃለሁ።

የምለምነው በችሮታ የሚታይ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የእያንዳንዱን ሰው ሰብአዊ ክብር ያስከብራል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቀበለው፣ ሀገራችንም ያጸደቀችው የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል በማዕከላት ውስጥ ስለሚሰጥ እንክብካቤ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ወረቀት እንዲቀየር እጠይቃለሁ። በየማዕከሉ ያለው ማኅደር የአረጋዊውን ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ ክርስቲያን ከሆኑ የክርስትና ስማቸውን፣ ማን ተብለው መጠራት እንደሚወዱ፣ ሥራቸው ምን እንደነበረ፣ የትውልድ ቀያቸውን፣ በሞት ጊዜ የሚጠራ ዘመድና የሚቀበሩበትን ቦታ ይያዝ። የቀበሌ ዕድሮችን ጠርታችሁ እያንዳንዱ ማዕከል እንደ አንድ አባወራ የሚመዘገብበትን መንገድ ብታመቻቹ ደግሞ፣ “ማን ይቀብረኛል?” እያሉ ሌሊቱን የሚያነጉ ሰዎች እንቅልፍ ያገኛሉ። ለምዝገባው ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተርና ጆሮ ያለው ሰው ይበቃል። ፈቃዳችሁ ከሆነ ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምሮ እኔ ራሴ ከአልጋ አልጋ እየዞርሁ እጽፋለሁ። የምጀምረውም ከዚያች ዓይነ ሥውር እናት ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ጎንደር