የቀፊራን ቅስቶች በሲሚንቶ አትለስኑ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድሬዳዋን የወለዳት በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው ባቡር ነው። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ሲሠራ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ ሰፈር በንግድ ሰፋ፤ ባለ ቅስቱ የቀፊራ ገበያም በዚያው ወገን ነው። አሁን አርጅቷል። እድሳት ሲነሣ ደግሞ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሲሚንቶ ነው።

ከመጀመሩ በፊት ልስኑ በትንሹ ተፍቆ ማያያዣው ይታይ። በምስማር ሲጫር የሚረግፍ ነጭ ከሆነ ኖራ ነው። በኖራ ግንብ ውስጥ ከመሬት የሚሳብ እርጥበት በልስኑ በኩል ይወጣል፤ ሲሚንቶ መውጫውን ይዘጋበታል። ከዚያ ጨው ከውስጥ ይከማቻል፤ ልስኑ ያብጥና የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ኮንትራክተሩ ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ!

ለልስኑ 1 እጅ በውኃ የተፈታ ኖራና 3 እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል፤ ጭቃ ያለበት አሸዋ ይሰነጥቃል። ግንቡ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፤ አንዱ ድርብ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በድሬ ሙቀት ኖራው ሳይጠነክር ስለሚደርቅ ቢያንስ ለሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። አሸንዳውና የግርጌው ቦይ ካልተጠገኑ ግን ልስኑን መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው።

የአሮጌ ግንብ ጥገና ባለሙያዎች፣ ድሬዳዋ